የበርበሬ ቀረጥ በጉለይል ወፍጮ ቤት

ወፍጮዬን የገዛኝ የመናዊ ድንጋዮቹን አልፈለጋቸውም። "የምወስደው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ዛሬ በድንጋይ ማን ይፈጫል?" አለኝ በዐረብኛ፤ ሞተሩን ፒክአፕ ላይ ጭኖ ሄደ። እውነቱን ነው። አሁን በጅዳ ሱቆች በርበሬው ተፈጭቶ፣ ሽሮው ተቀምሞ፣ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። እኔም ብሆን ደክሜ ነበር። ሐኪሙ የሳንባዬን ፎቶ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ግራ ጆሮዬም መስማት ካቆመ ቆይቷል። ወፍጮ ፈጪ ዓይኑ ቢደክም ይሠራል፤ ጆሮው ከደከመ ግን ሥራው አበቃ። ልጄ ሐያት፣ "አባ፣ ኸላስ! እስከ መቼ ዱቄት ስትምግ ትኖራለህ? አረፍ በል" አለችኝ። አረፍኩ።

ካረፍኩ ወዲህ ቤቴ ሰው አይጠፋም። የሚጠይቁኝ ግን ስለ ወፍጮ አይደለም፤ ስለ በርበሬው ቀረጥ ነው። አንዱ "ያን ጊዜ ድል አደረጋችሁ አሉ" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ለተራበ ወገን ሊሄድ የነበረውን ከለከላችሁ ይባላል" ብሎ ፊቴን ያያል። ሁለቱም በጊዜው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው ብዬ የተነሳሁት ለዚህ ነው፤ ስለ ቀረጡ ለማውራት ግን ከወፍጮው መጀመር አለብኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ሐርቡ ነው፤ ወሎ። ጎልማሳ ሆኜ ኮምቦልቻ በናፍጣ ወፍጮ ተቀጥሬ ስሠራ ደርግ መጣ፤ ወፍጮውን ቀበሌው ወረሰው። አሠሪዬ ቤቱ ገባ፤ እኔ ደግሞ ከአጎቴ ጋር ለሐጅ መጥቼ በዚያው መካ ቀረሁ። ሚስፈላ በሚባለው ሰፈር ዓሚ ሙዘሚል፣ አጎቴ ሙዘሚል እንደማለት፣ የሚሏቸው ባለ ወፍጮ እንዳሉ ሰማሁ። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት መካ ነው፤ አበሻ አገርን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አማርኛቸው ከአያታቸው የተረፈ ስለሆነ እኛ የተውናቸው የጥንት ቃላት ነበሩበት፤ የጎደለውን በዐረብኛ ይሞሉታል።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"ወፍጮ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ወላሂ? እንግዲያስ ተቀመጥና ስማው" ብለው በርጩማ ሰጡኝ።

እስኪበቃቸው ድረስ ድንጋይ አላስነኩኝም፤ ስማ ብቻ። ሁለቱ ድንጋዮች ከመጠን በላይ ሲቀራረቡ ያፏጫሉ፤ ዱቄቱ ይቃጠላል። ሲራራቁ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ጎማ ይንኮሻኮሻሉ፤ ግርድፍ ይወጣል። ልክ ሲሆኑ ድምፁ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው ነው። ዓሚ ሙዘሚል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሚወርደው ዱቄት በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ቆንጥረው ያሹታል፤ ከዚያ የላይኛውን ድንጋይ የያዘውን ብሎን ጥቂት ያዞሩታል። ወፍጮው እየሠራ ሰው ሲያወራ አይወዱም። ድንጋዩ ሲደድር በመሮ የምንወቅረው እኛው ነን፤ መስመሩ ከመሃል ወደ ዳር እየሳሳ መሄድ አለበት፤ አለበለዚያ እህሉ መንገዱን ይስታል። ከተወቀረ በኋላ የሚፈጨው የመጀመሪያው ቁና ገብስ ለሰው አይሰጥም፤ የድንጋይ ብናኝ አለበት። እሱን ራሳቸው ተሸክመው ለሐረሙ መስጊድ ርግቦች ይወስዱታል። ሰደቃ ሊያወጣ እህል ይዞ የመጣን ሰው የማስፈጫ አይጠይቁም፤ ሰደቃ መሆኑን ግን አይጠይቁትም፤ እሱ ካልነገራቸው እንደማንም ያስከፍሉታል።

አንድ ልማዳቸው ግን የሽማግሌ ነዝናዛነት ይመስለኝ ነበር። የወጣ ዱቄት ወዲያው ጆንያ እንዲገባ አይፈቅዱም። "ከድንጋይ ሲወጣ አራስ ነው፤ ይረፍ" ይሉና ሰሌን ላይ ያሰጡታል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እንኳ ቢሆን ሳይበርድ አይሰፍሩም። መካ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ትኩሱን ብትከተውም ምንም አይሆን፤ እኔም በልቤ "ጊዜ ማባከን ነው" እል ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ጅዳ ውስጥ ያገራችን ሰው እየበዛ ሄደ። ዓሚ ሙዘሚል ሁለተኛ ወፍጮ ጉለይል በሚባለው የጅዳ ሰፈር ተከሉና እኔን ኃላፊ አድርገው ላኩኝ፤ ከፊሌም፣ በአገሩ ሕግ የሚዋሰኝ አሠሪ፣ እሳቸው ነበሩ፤ ወፍጮው የእኔ የሆነው ኋላ ነው። እኔም ጉለይል ደርሼ መካ የተማርኩት ሁሉ እንደማይበቃ አወቅኩ። ጅዳ ባሕር ናት። በርበሬው ከአየሩ ውሃ ይጠጣል፤ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ ድንጋዩ ይግላል፤ የሚወጣው ጥቁር ልቁጥ ነው። በመጀመሪያው በጋ ያበላሸሁት ብዙ ነው።

ብርነሽን ያወቅኳት ያኔ ነው። ባሏ አየር መንገድ ይሠራ የነበረ፣ እሱ ሲሞት በሆስፒታል ወጥ ቤት ተቀጥራ የቀረች የደሴ ሴት ናት፤ ክርስቲያን። የኑዝላ ሰፈርን ግማሽ በርበሬ የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ያስፈጨችውን ተቀብላ ከፈተችና ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣

"ወንድሜ፣ ይሄ በርበሬ ነው ወይስ የምርጊት ጭቃ?" አለችኝ።

አፈርኩ። "እቴ፣ አየሩ ነው" አልኳት።

"አየሩንማ አንተ አትለውጠው። ጣራ ላይ ውጣ፤ ቀትር ላይ አስጣው፤ ከጣራ ቀጥታ ወደ ወፍጮው አፍ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ለብቻው ሳይደርቅ ከበርበሬው ጋር አትደባልቅ።"

እንዳለችኝ አደረግኩ፤ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ሆንን። ዓርብ ዓርብ ጉለይል ይሞላ ነበር። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሳፋ የሚመጡት የቤት ሠራተኞች ማዳማቸውን መኪና ውስጥ አስቀምጠው፣ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ሽሮ ክክ ይዘው "ያላ፣ ሰዒድ፣ ቶሎ በልልኝ" ይሉኛል። የመሐንዲሶቹ ሚስቶች በጆንያ ያመጣሉ። ሾፌሮች ወሬ ያመጣሉ።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሬ የመጣውም በሾፌሮች ነው። ቀጥሎ በቴሌቪዥን አየነው። ወሎ ነው፤ አገሬ ነው። ታላቅ እህቴ ዘምዘም ቆቦ ተድራ ነበር፤ ከእሷ ወሬ ከመጣ ቆይቷል። ድንጋዩ ሲዞር ቆሜ እያየሁት እህሉ ሲያልቅብኝ የማላውቅበት ቀን መጣ፤ እህል የሌለበት ድንጋይ ለድንጋይ ሲፋጭ በሚያወጣው ጩኸት ነው የምነቃው።

በዚያው ሰሞን የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ዳዊት ወፍጮ ቤቱ መጡ። የአውሮፕላን ጭነት ክፍል ባለሙያ ናቸው፤ ጨዋ ሰው። አብሯቸው ከአገር ቤት ማኅበሩን "ለማደራጀት" የመጣው ጓድ ታምሩ ነበር። ወፍጮውን አስቆሙኝ።

"ሰዒድ" አሉ አቶ ዳዊት፣ "ለድርቁ መዋጮ ተወስኗል። ያገራችን ሰው በሚገዛውና በሚያስፈጨው ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤ ላይ በየኪሎው ትንሽ ይጨመራል። ሱቆቹ ይሰበስባሉ። አንተም ትሰበስባለህ።"

"እኔ?"

"ሁሉም ነገር በአንተ በኩል ነው የሚያልፈው" አለ ጓድ ታምሩ። "ሳይፈጭ የሚበላ የለም።"

አቶ ዳዊት ዓይኔን አላዩኝም። እናታቸውና ወንድማቸው አዲስ አበባ፣ በደርግ እጅ ሥር ነበሩ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ወፍጮው የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱን ልጠይቅ አልኩ።

ወሬው ዓርብ ሳይደርስ ተዳረሰ፤ ስሙንም ሕዝቡ አወጣለት፤ የበርበሬ ቀረጥ። ማኅበሩ ሊያስረዳ ስብሰባ ጠራ። አቶ ዳዊት በሚኖሩበት ግቢ አዳራሽ ተሰበሰብን፤ ሴቱ ወንዱ ሞላው። ጓድ ታምሩ ተናገረ፤ ተናጋሪ ነው። የሕፃናቱን ሁኔታ ሲገልጥ ያላለቀሰ አልነበረም፤ እኔም አልቅሻለሁ። መጨረሻ ላይ፣

"ወገን እየሞተ በርበሬያችሁ ላይ ትንሽ መጨመር ከበዳችሁ?" አለ።

ብርነሽ ከኋላ ተነሳች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የወጥ ቤት ሽርጧን እንደታጠቀች ነበር።

"መስጠት አልከበደንም" አለች። "ከዚህ አዳራሽ ወርቋን አውልቂ ብትላት የማታወልቅ ሴት የለችም። እኔን ያልገባኝ ሌላ ነው። እነ እንትና ሥጋቸውን ከሱፐርማርኬት ይገዛሉ፤ ዳቧቸውን ከፈረንጅ ዳቦ ቤት። ያ አይቀረጥም። ሳፋ ማዳም ቤት ያለችው ልጅ ግን ከወር እስከ ወር የራሷ የምትለው ምግብ ያቺ አንዲት ከረጢት ሽሮ ናት። የሚቀረጠው የእሷ ነው። ለምን? ለምን ከደመወዛችን አልሆነም? ትልቁ ትልቁን፣ ትንሹ ትንሹን አይሰጥም?"

"ልክ ናት!" አሉ ከሴቶቹ በኩል።

"የሚሰበሰበውስ የት ገባ ሲባል ማን ይነግረናል?"

"ኮሚቴ አለ" አለ ጓድ ታምሩ።

"ኮሚቴውን ማን መረጠው?"

ሳቅ ተነሳ፤ ወዲያው ግን ቆመ። ጓድ ታምሩ ስትናገር የነበረችውን ትቶ ወደ እኛ ዞረና ቀስ ብሎ፣ "በሕዝብ ስም ፀረ-ሕዝብ ሥራ የሚሠሩ በየቦታው አሉ" አለ። ከዚያ በላይ ማለት አላስፈለገውም። ፓስፖርት ሊያሳድስ የሚሄድ ሰው የማኅበሩን የድጋፍ ቃል ይዞ ነው የሚሄደው። ፓስፖርት ካልታደሰ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም፤ ኢቃማ የሌለው ሰው ደግሞ ጅዳ ላይ የለም ማለት ነው። ሰው አንድ በአንድ ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ መካ ወጥቼ ለዓሚ ሙዘሚል ነገርኳቸው። ድንጋይ እየወቀሩ ነበር፤ መሮውን አላስቀመጡም።

"አንተስ ምን አልክ?"

"ባለቤቱን እጠይቃለሁ አልኩ።"

"መልካም ብለሃል። መልሱን ግን ከእኔ አትጠብቅ። ወፍጮው የእኔ ነው፤ ረሃቡ ያለው ያንተ አገር። ሰብስብ ብልህ በወገንህ ላይ አዘዝኩህ፤ ተው ብልህ የተራበውን ከለከልኩ።" ጥቂት ወቀሩና፣ "እምቢ ካልክ ደንበኛ ይቀርብህ ይሆናል፤ ለእሱ አታስብ። ድንጋይ ቢያርፍ አይበሰብስም" አሉኝ።

በአውቶቡስ ስመለስ ስለ እህቴ ዘምዘም አስቤ እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ስለ ጓድ ታምሩ አስቤ ደግሞ እሺ ማለት አቃተኝ። ጅዳ ስደርስ ግን ብርነሽ ነገሩን ጨርሳው ጠበቀችኝ።

"ሰዒድ፣ አንተ እሺም እምቢም አትበል" አለችኝ። "እኛ አንገዛም። አናስፈጭም። የማይሸጥ ነገር አይቀረጥ።"

"ምን ልትበሉ?"

"ሩዝ! አገሩ ሁሉ የሚበላውን።"

እንዲህ ሆኖ ነው ጉለይል፣ ኑዝላና ሳፋ ያለ ሐበሻ በርበሬ ያቆመው። እስላሙም ክርስቲያኑም "ጾም ነው" ይል ነበር። ወንዶቹ አልጫ ሩዝ ፊት ተቀምጠው ሲተክዙ ማየት ነበር። ሙሐመድ የሚባል ሾፌር ኪሱ ውስጥ ቃሪያ ደብቆ ተገኘና ሴቶቹ ሲሳለቁበት "ቃሪያ አይፈጭም፤ ቀረጥ የለበትም!" ብሎ ተከራከረ። ሱቆቹ ጭር አሉ። ወፍጮዬ ቆመ። በማይሠራ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ መዋል ጀመርኩ፤ ጸጥታው ጆሮዬን ያመኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብርነሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እነሱ የሚሉት እውነት አለው" አለች። "እኛ እዚህ ሩዝ እየበላን እልህ ስንጋባ እዚያ ሰው ይሞታል። አንከፍልም ያልን ሰዎች ምን ሰጠን? በሶ እንላክ። ወንድሜ ኮምቦልቻ የጤና ረዳት ነው፤ ለመጠለያዎቹ ያደርሰዋል። ውሃ ካለ በሶ እሳት አይፈልግም።"

ገብስ ከሱቅ ወጣ፤ የባለሱቆቹ ስጦታ ነበር፤ የዋጋ ወሬ ያነሳ የለም። ሴቶቹ በየቤታቸው አመሱት። ሳፋ ያሉት ልጆች ማዳማቸውን አስፈቅደው በሰው ወጥ ቤት አመሱ፤ አንዷ ማዳም ራሷ ግማሽ ጆንያ ጨምራ እንደላከች አስታውሳለሁ። ጉለይል የታመሰ ገብስ ሸተተች። ወደ አሰብ የምትሄድ መርከብ ጭነት እየተቀበለች ነበር፤ ቦታ የሚያገኝልንም የወደብ ሠራተኛ ተገኘ። ነገር ግን "ዛሬ ካልደረሰ ትሄዳለች" አለን።

ገብሱ ከምጣድ እንደወጣ ይመጣል፤ እኔ ሳይበርድ እፈጨዋለሁ፤ ዱቄቱ ከድንጋይ እንደወጣ በላስቲክ በተለበጠ ጆንያ ይገባል። ሰሌን ለማንጠፍ ቦታም ጊዜም አልነበረም። እጄን ስከት ዱቄቱ ያቃጥለኛል። አውቀው ነበር። "ለዛሬ ይሁን" ብዬ ሰፋሁት። ወደብ ደረሰ፤ መርከቧ ግን በሌላ ምክንያት ዘገየች። ጆንያዎቹ በዚያ እርጥብ መጋዘን ሲሚንቶው ላይ ተነባብረው ሰነበቱ።

ሊጭኑ ሲያነሱት የታችኞቹ ላብ አውጥተው ነበር። ሲከፈት ሻግቷል፤ ሽታው እስከ በር ይሰማል። ላዩ ደኅና የመሰለውም ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ያን ሁሉ ገብስ፣ ያን ሁሉ ሴቶች በማንኪያ ያማሰሉትን፣ የወደቡ ሰዎች በአካፋ ጣሉት። ቆሜ አየሁ። ባደረግኩት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ቀን የጠፋሁበት የለም።

ጓድ ታምሩ ሰምቶ አንዱን ጆንያ አስመጣና ስብሰባ ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ቀረጡን ተቃውመው ሊልኩት የነበረው ይኸውላችሁ" አለ። "ወገናችሁን ሻጋታ ሊያበሉ!" እኔ ልነሳ ስል ብርነሽ ቀደመችኝ።

"ያጣደፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "ሰዒድ ይረፍ ቢል እንኳ እኔ አላሳርፈውም ነበር። ይሄ ሲበላሽ ግን ያያችሁት እናንተ ናችሁ፤ ማየትም ትችላላችሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀረጡ ቢበላሽ በምን እናየዋለን?"

እንዲያም ሆኖ የዚያን ቀን ብዙ ሰው ፊቱን አዞረብን። ጥቂት ሱቆች መሸጥና መሰብሰብ ጀመሩ።

እንደገና መካ ወጣሁ። ዓሚ ሙዘሚል ሰምተው ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሰሌን ጠቅልለው አምጥተው ፊቴ ዘረጉት።

"የጅዳ አየር ለበሶ አይሆንም" አሉ። "እዚህ ይታመስ፤ እዚህ ይፈጭ፤ እዚህ ይረፍ። አብሽር፣ አይዞህ፤ ድንጋዩ አለ።"

ሚስፈላ ያሉት የሐበሻ ዘር ቤተሰቦች አመሱት። ልጆቻቸው አማርኛ አይሰሙም፤ ወሎን በካርታ እንኳ አያውቋትም፤ ሴቶቹ ግን በሶ ከአያቶቻቸው ያውቃሉ። እኔና ዓሚ ሙዘሚል ፈጨን። በየሰሌኑ አሰጣነው፤ በእንጨት እያገላበጥን እጃችን ቀዝቃዛ እስኪሰማው ጠበቅን። ስንሰፋ ሳለ አንድ መኪና በር ላይ ቆመ። አቶ ዳዊት ነበሩ፤ ብቻቸውን፤ ክርስቲያን መካ እንዳይገባ የሚከለክለውን ኬላ እንዴት እንዳለፉ አልጠየቅኳቸውም። ከኋላ የእንጨት ርብራብ ጭነዋል።

"ጭነት ሲሚንቶ አይነካም" አሉ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። "ከሥሩ አየር መግባት አለበት። ላስቲኩን አውጡት፤ ይታፈናል። በጨርቅ ጆንያ ይሁን።"

"ጋሼ፣ ጓድ ታምሩ ቢሰማ?" አልኳቸው።

"ይሰማል" አሉ። እስክንጨርስ አብረውን ጆንያ ተሸከሙ።

ሁለተኛው በሶ ወደብ ሲገባ ደረቅ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ወደ እኛ ተመለሰ፤ ሱቆቹም መሰብሰቡን መልሰው አቆሙ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ዳዊት በኮሚቴው ስም፣ ቀረጡ "ለጊዜው" መቆሙንና የፈለገ በፈቃዱ ከደመወዙ እንዲሰጥ ተናገሩ። ያ "ለጊዜው" እስከ ዛሬ አላበቃም። ጓድ ታምሩ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። አቶ ዳዊትም ሊቀ መንበርነቱን ለቀቁ፤ ወይም አስለቀቋቸው፤ እሳቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም። ድል ነው የሚሉት ይህን ነው።

በሶው ገና ወደብ ላይ መርከብ ሲጠብቅ ሳለ ግን የብርነሽ ፓስፖርት አልቆ ነበር። የማኅበሩን የድጋፍ ቃል ብትጠይቅ "ጉዳይሽ ይታያል" ተባለች፤ አልታየም። አሠሪዎቿ ቢወዷትም ያለ ወረቀት ሊያቆዩዋት አልቻሉም። ዓሚ ሙዘሚል፣ መካ ለክርስቲያን ክልክል ብትሆንም፣ ቤታቸው ትደበቅ ብለው ላኩብኝ፤ ሚስታቸው ክፍል አዘጋጅታላት ነበር። መልእክቱን ወስጄ ነገርኳት።

"አላህ ይስጣቸው በልልኝ" አለች፤ ክርስቲያኗ። "ግን ቤት ውስጥ ተደብቄ ምን ልሠራ? ከበሶው ጋር እሄዳለሁ።"

"እቴ፣ እዚያ ይጠብቁሻል። ስምሽ ቀድሞሽ ይደርሳል።"

"ይድረስ። ጆንያው ሰው ይፈልጋል፤ ብቻውን ከአሰብ ወሎ አይደርስም።"

ወደቡ ድረስ ሸኘኋት። መሄጃ ወረቀት አሠርታ ነበር። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው የበርበሬ ቋጠሮ ይዛለች። አላለቀሰችም። "ድንጋይህን ወቅረው፤ ደድሯል፤ ከደጅ ይሰማል" አለችኝና ገባች።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የእሷን ወሬ የነገረኝ ሰው የለም። እንደወደቀ ሄድኩ። እናቴን በሕይወት አገኘኋት። እህቴ ዘምዘም ግን በዚያው በድርቁ ዘመን፣ ከልጆቿ ጋር፣ ከቆቦ ወጥተው ወደ መጠለያ ሲሄዱ መንገድ ላይ አልቀዋል። የተቀበሩበትን የሚያሳየኝ አጣሁ። እናቴ ጋ ሐዘን ተቀምጬ ስነሳ ኮምቦልቻ ገባሁና ስለ ብርነሽ ጠየቅኩ። ሁሉም ያውቃታል፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ስገባ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር፤ ጸጉሯ ሸብቷል።

"በርበሬው ጭቃ ነው አሉ" አልኳት።

ዞር አለች። አፏን በእጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ተቃቅፈን ተላቀስን።

አሰብ ስትደርስ ይዘዋት ነበር። ለጥያቄ እየተመላለሰች ከረመች፤ ጆንያዎቹም አብረዋት ታስረው። በመጨረሻ አንድ የወደብ ኃላፊ "እህልሽን ይዘሽ ከዓይኔ ጥፊ" ብሎ ለቀቃት። በጭነት መኪና ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን መጠለያ ወሰደችው።

"ደረሰ?" አልኳት።

"ደረሰ። አንድም ጆንያ አልተበላሸም። በአንድ ጠዋት አለቀ።"

"አንድ ጠዋት?"

"የሰዉን ብዛት አላየህም፣ ሰዒድ። አንድ ጠዋት።"

እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ውጭ አውቶቡሶች ይጮኻሉ። ከዚያ እኔ እሷን ልጠይቃት ይዤ የመጣሁትን ጥያቄ እሷ ጠየቀችኝ።

"ቀረጡን ከፍለን ቢሆን ኖሮስ? ከዚያ ይበልጥ ይደርስ ነበር እንዴ?"

ስለ ዘምዘም ነግሬያት ነበር፤ ስለዚህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። የዋሸሁ እንዳይመስለኝ ብዙ አሰብኩ። ጓድ ታምሩ ገንዘቡን ሊያደርሰው ይችል ነበር። ላያደርሰውም ይችል ነበር። ሳፋ ያለችው ልጅ ሽሮዋ ባይቀረጥባት ልክ ነው፤ እህቴ ደግሞ መንገድ ላይ ሞታለች፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አልችልም።

"አላውቅም" አልኳት።

"እኔም አላውቅም" አለች። "ሁልጊዜ አስበዋለሁ፤ አላውቅም።"

ይሄው ነው። ለሚጠይቁኝ ሁሉ ያለኝ መልስ ከዚህ አያልፍም። ድል ነው ለሚለኝም፣ ግፍ ነው ለሚለኝም፣ እኔና ብርነሽ በቦታው ነበርን፤ አናውቅም።

ከዚያ ብርነሽ ወደ ጓዳ ተጣራች፤ "ሰዓዳ! ነይ፣ አጎትሽ ከጅዳ መጥቷል፤ ሰላም በይው።" ቁመቷ ከእኔ የሚስተካከል ልጅ እጇን እያደረቀች ወጣች፤ ዝቅ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ብርነሽ የልጅቱን ጸጉር ከፊቷ ላይ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ "ይቺ ያን ጠዋት ከበሉት ናት" አለችኝ። "የመጣላት ሰው ስላልነበረ እኔው ይዣት ቀረሁ።"